ማስታወቂያችንን ሰው አየው ግን የደወለ የለም ማለት ይቻላል፣ ዲዛይኑ ነው እንዴ ችግሩ?

ሽሮሜዳ_ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። እማዬ ሽሮሜዳ የሀበሻ ቀሚስ ሱቅ አላት፣ ማስታወቂያ የምሰራላት እኔ ነኝ። ተምሬ አይደለም፣ በስልኬ ካንቫ የሚባል የዲዛይን አፕ ላይ እየነካካሁ ነው። ባለፈው ሳምንት አንዱን ፌስቡክና ኢንስታግራም ላይ ቡስት (ተከፍሎበት ለብዙ ሰው እንዲታይ) አስደረግን፣ የዶላር ካርድ ስለሌለን ለሚያሰራ ልጅ 3,000 ብር ከፍለን ማለት ነው። ብዙ ሰው አይቶታል፣ ላይክም አለው፣ የደወለው ግን ሁለት ሰው ነው፣ አንደኛው ደግሞ የተሳሳተ ቁጥር ሃሃሃ። እማዬ "ድሮም ኢንተርኔት ለወሬ ነው" ብላ ልትተወው ነው።

ምስሉ አልጫን ስላለኝ ልንገራችሁ። ካሬ ነው 1080 በ1080፣ ጀርባው ነጭ፣ ዙሪያውን ወርቃማ ፍሬም። አራት ቀሚስ አለበት፣ መሃል ላይ የሱቁ ስም በወርቃማ፣ ከስሩ "ለሠርግ ለመልስ ለክርስትና ለበዓል በፈለጉት ዲዛይን በትዕዛዝ እንሰራለን የቤተሰብም አለን"፣ ሦስት ስልክ ቁጥር፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክ፣ ሕንጻው ከነሱቅ ቁጥሩ፣ ጥግ ላይ ደግሞ "ታላቅ ቅናሽ" የሚል ቀይ ኮከብ። እማዬ "ከፍለንበት ባዶ ቦታ ለምን ይቀራል" ስላለች ነው። እስቲ ሳትሰድቡኝ ንገሩኝ።

ጥቁር_ቡና
ዋጋ?

ፒክሰል
ሳንሰድብሽ፣ እሺ። አሁን ያንን ምስል ቴሌግራም ላይ ለራስሽ ላኪው፣ ስልኩን ክንድሽን ዘርግተሽ ያዢና አንዴ ብቻ እዪው። ከዛ ስልኩን ገልብጪውና ምን እንዳየሽ ተናገሪ። "ወርቃማ ነገር" ካልሽ አለቀ፣ ያየው ሰው ሁሉ ያየው እሱን ነው። ሰው እኮ ታክሲ ውስጥ ተጣቦ በአውራ ጣቱ እየገፋ ነው የሚያልፈው፣ አንቺ ግን ቁጭ ብሎ እንደ ሎተሪ ቁጥር የሚያነብልሽ ሰው ነው ያሰብሽው።

አራት ቀሚስ ካሬ ውስጥ ስትከቺ እያንዳንዱ ቀሚስ ስልክ ላይ የሁለት ጣት ስፋት ነው የሚሆነው። በሁለት ጣት ጥልፍ አይታይም፣ የሀበሻ ቀሚስ ደግሞ የሚሸጠው በጥልፉና በጥበቡ ነው፣ ካልታየማ ነጭ ጨርቅ ነው በቃ። አንድ ቀሚስ አድርጊ። አራቱም ይታዩ ካልሽ አራት የተለያየ ማስታወቂያ ስሪ፣ ወይ በጎን የሚገላበጥ አድርጊው። ካሬውንም ተዪና 1080 በ1350 አድርጊው፣ በቁመት ረዘም ስለሚል ሰው ሲያሳልፍ ስክሪኑን ይበልጥ ይሞላል፣ በነጻ የተሰጠሽ ቦታ ነው።

ሙሉ_ስክሪን
ጽሑፉ ከምስሉ 20 ፐርሰንት በላይ ከሆነ ፌስቡክ ራሱ አያሳልፈውም፣ ችግሩ እሱ ነው።

ፒክሰል
ያ እኮ ድሮ ነው ወንድሜ፣ 2020 ላይ አንስተውታል። አሁን ያልፋል፣ ፌስቡክ ይቀበለዋል ሰው ነው የማይቀበለው።

ሽሮሜዳ_ልጅ
ፒክሰል የእውነት ሞከርኩት፣ ታናሽ ወንድሜን አሳይቼ ገለበጥኩትና ምን አየህ ስለው "የካርታ ፍሬም" አለኝ። እሺ ገባኝ። ግን ሦስቱን ስልክ ቁጥር ከምስሉ ላይ ላጥፋ ብል እማዬ በጭራሽ አትሰማኝም፣ አንደኛው የራሷ ነው አንደኛው የሱቁ ሦስተኛው የእኔ።

ጋሽ_ባነር
ልጄ እናትሽን አትውቀሻቸው። እኔ መርካቶ ከሃያ ዓመት በላይ ባነር አትሜያለሁ። ደንበኛ በካሬ ሜትር ስለሚከፍል ባዶ ቦታ ካየ ገንዘቡ የፈሰሰ ይመስለዋል፣ "እዚች ጋ ደግሞ ፎቶ ኮፒ እናደርጋለን በልበት" ይልሻል። ባነር ደግሞ ይችለዋል፣ ሱቁ በር ላይ ተሰቅሎ ሰው ጓደኛውን ሲጠብቅ ሙሉውን ያነበዋል። ስልክ ላይ እንደዛ እንዳልሆነ እኔም የገባኝ ዘግይቶ ነው። አንዴ ለራሴ ሱቅ የሠራሁትን የባነር ፋይል ከኮረል ድሮው (ባነር ከምንሠራበት ፕሮግራም) እንዳለ አውጥቼ ፌስቡክ ላይ ለጠፍኩት፣ ደማቁ ቀይ የደረቀ በርበሬ መሰለ። ልጄ ነው "አባዬ ይሄ እኮ ለሕትመት ቀለም የተሠራ ነው፣ ለስክሪን አርጂቢ ነው የሚሆነው" ብሎ ያስረዳኝ። ሃያ ዓመት ሲኤምዋይኬ (የሕትመቱን ቀለም) ሳትም ኖሬ ማለት ነው።

ስለ ስልኩ ግን ካሰብሽው ትንሽ እለያለሁ። ሁሉንም አታጥፊ። የእኛ ሰው ምስሉን አውርዶ ወይ ስክሪንሹት አድርጎ ጂዳ ላለች እህቱ በኢሞ ይልካል። ያኔ ከስር የጻፍሽው ሁሉ ይቀራል፣ የሚሄደው ምስሉ ብቻ ነው። አንድ ቁጥር፣ ከታች፣ በልኩ።

ፒክሰል
ጋሼ ይሄን አላሰብኩትም ነበር፣ ልክ ኖት። ልጨምርበት፣ የቀሩትን ቁጥሮች ከምስሉ ስር በጽሑፍ አስቀምጪያቸው፣ ቴሌግራም ላይ በ+251 ጀምረሽ ከጻፍሽው ሰው ሲነካው በቀጥታ ይደወላል። ምስል ላይ ያለ ቁጥር ግን እንደዛ በቀላሉ ኮፒ አይደረግም፣ ብዙው ሰው ወረቀት ፈልጎ መጻፍ ነው፣ ማን ይጽፋል። ፌስቡኩ ላይማ "መልእክት ላክ" የሚል በተን ከስር አለልሽ፣ "ይደውሉልን" ብለሽ ቦታ አትፍጂ።

ፊደል_ቆጣሪ
ማንም ስለ ፎንቱ (ስለ ፊደሉ ቅርጽ) አልጠየቀም። በምንድነው የጻፍሽው?

ሽሮሜዳ_ልጅ
ጽሑፉን ኮምፒውተር ቤት ያለ ልጅ ነው የሰራልኝ፣ ኒያላ የሚባለው ፎንት መሰለኝ፣ ቦልድ (ወፍራም) አድርጎ ዙሪያውን ወርቃማ መስመር ያለበት። ከዛ ምስል አድርጎ ላከልኝ።

ፊደል_ቆጣሪ
ጠርጥሬ ነበር። አሁን ስልክሽ ላይ ሳታጎዪው "የቤተሰብም አለን" የሚለውን ተመልከቺና ምን እንደሚል ንገሪኝ።

ሽሮሜዳ_ልጅ
ውይ!! "የቢተሰብም" ነው የሚለው!! እኔ እኮ ቤ ብዬ ነው የጻፍኩት፣ ሳጎላው ቤ ነው ሳሳንሰው ቢ ይሆናል። ምንድነው ይሄ

ፊደል_ቆጣሪ
ሃሃሃ እማማ ቢተሰብ። ነገሩ እንዲህ ነው፣ ኒያላ የተሠራው በአንድ ውፍረት ብቻ ነው፣ የራሱ ቦልድ የለውም። ቦልድ ስትዪው ሶፍትዌሩ በግድ ያወፍረዋል፣ እንደ ቀለም እየቀባ ማለት ነው። በ"ቤ" እና በ"ቢ" መሃል ያለው ልዩነት ደግሞ እግሯ ላይ ያለችው ትንሽ ቀለበት ናት። ቀለበቷ ስትደፈን ሃምሱ ሣልስ ይሆናል፣ "ጤና" "ጢና" ይሆናል፣ በዛ ላይ ዙሪያውን መስመር ስትጨምሪበት አለቀላት። የእንግሊዝኛ ፊደል ይሄ ጣጣ ብዙም የለበትም፣ እኛ ግን አንዲት ጭረት ቦታ ስትቀይር ድምጹ ይቀየራል፣ ስለዚህ ትንንሽ ጽሑፍ ላይ ወፍራም ፊደል አትጠቀሚ።

ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርጂ፣ ነጻ ነው፣ ለንግድም ይፈቀዳል፣ ከቀጭን እስከ በጣም ወፍራም ድረስ እያንዳንዱ ውፍረት ለብቻው ተስሎለታል። ለርዕስ ወፈር ያለውን፣ ለታችኛው መካከለኛውን ውሰጂ። እና ሁለት ፎንት ይበቃሻል፣ ኧረ አንድም ይበቃሻል። ካንቫ ላይ ያሉት ቴምፕሌቶች (ዝግጁ ዲዛይኖች) ብዙዎቹ ለእንግሊዝኛ የተሠሩ ናቸው፣ ትልልቅ ፊደል በሰፊው ተበታትኖ ያምራል እንደዛ። አማርኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለውም፣ ፊደሉን ስትበታትኚው ቃሉ ይፈርሳል፣ ስለዚህ ዋናውን ከተራው የምትለዪው በመጠን፣ በውፍረትና በቀለም ነው። መስመርና መስመርም ትንሽ አራርቂ፣ ፊደላችን አብዛኛው ቁመታም ስለሆነ ይጨናነቃል።

ሌላው ወርቃማ ጽሑፍ ነጭ ላይ። እስቲ ስልክሽን ይዘሽ ፀሐይ ላይ ውጪና እዪው፣ ጽሑፉ የለም። ጽሑፍና ጀርባው ቢያንስ 4.5 ለ1 የሆነ የንጽጽር ልዩነት ይኑረው ይላል ለድረ ገጽ ያለው መለኪያ፣ ትልቅ ጽሑፍ ከሆነ 3 ለ1። የሚለካልሽ ነጻ ዌብሳይት ሞልቷል። ወርቃማ በነጭ ላይ ብዙውን ጊዜ ሦስትም አይሞላ።

ጥቁር_ቡና
እህቴ ዋጋውን አልነገርሽንም

ሲልቨር_ስፕሪንግ
ሃሃሃ ጥቁር ቡና እኮ እውነቱን ነው። እኔ ሜሪላንድ ነው ያለሁት፣ ለልጄ ክርስትና ቀሚስ ፈልጌ ስንቱን ገጽ አየሁ፣ ሁሉም "ዋጋ በውስጥ መስመር"። በውስጥ መስመር ስጽፍ እዛ ሌሊት ነው፣ ሲመልሱልኝ እኔ ሥራ ላይ ነኝ፣ ሁለት ቀን ይፈጃል አንድ ዋጋ ለማወቅ። በመጨረሻ ዋጋ ከጻፈችው ገዛሁ፣ ከሌሎቹ ውድ እንደሆነች ሁሉ ጠርጥሬ ነበር ግን ደከመኝ።

እና ደግሞ ቀለሙ። ምስሉ ላይ እንደ ወተት የነጣ፣ ሲደርሰኝ ክሬም። ሻጯ አልዋሸችኝም፣ ፎቶው ነው የዋሸው።

ሽሮሜዳ_ልጅ
ዋጋ የማንጽፍበት ምክንያት አለን እኮ። አንደኛ ጎረቤት ሱቅ አይቶ 500 ብር ቀንሶ ይለጥፋል። ሁለተኛ ክሩ በየጊዜው ይጨምራል። ሦስተኛ ዋጋው በጥልፉ ነው፣ ያው ጨርቅ ሆኖ አንዱ 9,000 አንዱ 25,000 ይሆናል።

ሙሉ_ስክሪን
ጎረቤትሽ ዋጋውን ለማወቅ ፌስቡክ አያስፈልገውም፣ ሰው ልኮ ይጠይቃል። "ከ9,000 ብር ጀምሮ" በይ።

ፒክሰል
"ጀምሮ" ጥሩ ነው ግን አንድ ነገር፣ ምስሉ ላይ ያለው ቀሚስ ራሱ 9,000 የሚባለው ይሁን። የ25ሺውን አሳይተሽ "ከ9,000 ጀምሮ" ብትዪ ሰው ሱቅ ድረስ መጥቶ ነው የሚናደድብሽ። "ታላቅ ቅናሽ" የሚለውን ኮከብም ከስንት ወደ ስንት እንደሆነ ካልጻፍሽ አውጪው፣ ሁሉም ሱቅ ታላቅ ቅናሽ ላይ ስለሆነ ዓይን ለምዶታል። የማስታወቂያ አዋጁም (759/2004) አሳሳች ማስታወቂያ ይከለክላል፣ ለ"ታላቅ" የሚከሰሽ ባይኖርም።

ካሜራ_በጀርባዬ
ስለ ነጩ ጉዳይ እኔ ልመልስ። የስልክ ካሜራ ነጭ ነገር ስክሪኑን ሲሞላበት "በዛብኝ" ብሎ ራሱ ያጨልመዋል፣ ለዛ ነው ነጭ ቀሚስ አመድማ የሚወጣው። መፍትሔው ቀላል ነው፣ ቀሚሱ ላይ በጣትሽ ነክተሽ ጎኑ የምትወጣውን የፀሐይ ምልክት ወደ ላይ ትንሽ ግፊያት፣ ጥልፉ ሳይጠፋ ነጩ ነጭ እስኪሆን። ቢጫ የሚሆነው ደግሞ የሱቁ አምፖልና ከበሩ የሚገባው ብርሃን ሲደባለቁ ነው፣ ግማሹ ቢጫ ግማሹ ሰማያዊ ይሆናል፣ ያንን በኤዲት አታስተካክዪውም። መብራቱን አጥፊና ቀሚሱን በሩ ጋ ጥላ ውስጥ አውጪው። ጠዋት 3 ሰዓት አካባቢ፣ ቀትር ላይ አይሆንም። ብርሃኑ ከጎን ይምጣ፣ ከጎን ሲመጣ ጥልፉ ከጨርቁ ተነስቶ ይታያል፣ ፊት ለፊት ከሆነ ግን የታተመ ይመስላል።

ጀርባው ነጭ መሆኑ ደግሞ ነጭ ቀሚስን ከነጭ ግድግዳ ጋር ማጋባት ነው፣ ዳሩ የት እንደሆነ አይታወቅም። ጥቁር አረንጓዴ ወይ ቡና ዓይነት ጨርቅ ከመርካቶ ሁለት ሜትር ግዢ፣ ዕድሜ ልክሽን ትጠቀሚበታለሽ። እና ፖርትሬት ሞድ (ጀርባውን የሚያደበዝዘውን) አትጠቀሚ። እኔ አንዴ በእሱ ሙሉ ቀን ያነሳሁትን የሙሽራ ፎቶ ቤት ገብቼ ሳየው የነጠላውን ዘርፍ በሙሉ በልቶት፣ ትከሻዋ ላይ ደመና የተቀመጠባት ይመስላል።

አሮጌ_ማውዝ
ምን አስጨነቃት፣ በኤአይ ትስራው። ሞዴሉም ቀሚሱም በአንድ ደቂቃ ያልቃል።

ሽሮሜዳ_ልጅ
እሱንማ ጎረቤታችን ሞከረው። የሚያምር ነገር ወጣለት፣ አንዲት ደንበኛ "ልክ ይሄንን" ብላ ቀብድ ከፈለች፣ ሸማኔው አየውና "ይሄ ጥልፍ ከየት ተጀምሮ የት ነው የሚያልቀው?" አለ። መስቀሉ ወደ ጎን ሄዶ እጅጌው ውስጥ ይገባል። ቀብዱ ተመለሰ።

ፊደል_ቆጣሪ
የኤአይ አማርኛውንስ አይታችሁታል? ፊደል የሚመስል የአጥር ሽቦ።

ከፍርድቤት_ወጣሁ
አንድ ጥያቄ፣ አራቱ ቀሚሶች ውስጥ ያሉት ሰዎች እነማን ናቸው?

ሽሮሜዳ_ልጅ
ሁለቱ አሻንጉሊት ላይ ናቸው። አንዷ የአክስቴ ልጅ ናት። አንዷ ደንበኛችን ናት፣ የመልሷን ፎቶ ለእማዬ ልካላት "ሁሉ ሰው ወደደልኝ" ብላ።

ከፍርድቤት_ወጣሁ
ለእናትሽ ነው የላከችው፣ ለፌስቡክ አይደለም። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ ለሕዝብ እንዳይታይ ይላል። ደውይላትና ጠይቂያት፣ ደስ ብሏት እሺ ልትል ትችላለች፣ ግን በጽሑፍ፣ ቴክስትም ቢሆን ያዢ። ከጉግል የምታወርጃቸውንም እንደዛው፣ ፎቶግራፈሩ መብት አለው።

ሽሮሜዳ_ልጅ
ደወልኩላት። "ባለቤቴ ደስ አይለውም" አለችኝ። አጥፍቼዋለሁ፣ ደነገጥኩ በእውነት።

ክትፎ_ቤት
እኔ ደግሞ ከምግብ በኩል ልግባ፣ ምስሉ ቢያምርም ቀኑ ካልሆነ እንደሚያሰድብ ልንገራችሁ። ሁዳዴ መሃል ላይ፣ 55 ቀን ሙሉ ሰው እየጾመ፣ ቅቤው የሚንጠባጠብ የክትፎ ቪዲዮ ቡስት አደረግኩ። ኮሜንቱን እስካሁን አልረሳሁትም። አሁን ሁለት ሁለት ዓይነት ነው የማሰራው፣ የጾምና የፍስክ፣ ረቡዕና ዓርብ ራሱ በየዓይነቱን ነው የምለጥፈው።

ሙሉ_ስክሪን
ቲክቶክና ስቶሪ ላይ የምትለጥፊ ከሆነ 1080 በ1920 ስሪው፣ ግን ከላይ 250 ከታች 340 ፒክሰል ያህል ባዶ ተዪ። እዛ ጋ የገጹ ስምና በተኑ ነው የሚመጣው፣ የአንድ ደንበኛዬ ማስታወቂያ ዋጋው ሙሉ በሙሉ ከበተኑ ስር ገብቶ ሳምንት ሙሉ ሮጧል። ቲክቶክ ላይ ቀኝ ጎኑንም ልቦቹና ኮሜንቱ ይሸፍኑታል።

ፒክሰል
ቴሌግራም ላይ ደግሞ ፎቶ አድርገሽ ስትልኪው ይጨመቃል። ቀጭን ቀይ ጽሑፍ በሌላ ቀለም ላይ ካለሽ በጣም ይቀባባል፣ ውሃ እንደነካው ቀለም፣ የጄፔግ (የፎቶ ፋይል ዓይነቱ) ባህሪ ነው፣ ሲጨምቀው የቀለሙን ዝርዝር ከብርሃኑ ዝርዝር በላይ ነው የሚቀንሰው። ጥቁር ወይ ነጭ ጽሑፍ ይሻላል። ለደንበኛ ጥልፉን በደንብ ማሳየት ከፈለግሽ ፋይል አድርገሽ ላኪ፣ እንዳለ ይደርሳል።

እና አዲሱን ስትሰሪ አሮጌውንም አትጣዪው። ለሁለቱ እኩል ብር መድቢ፣ ለተመሳሳይ ሰው፣ ለተመሳሳይ ቀናት፣ ከስር ያለው ጽሑፍ አንድ ዓይነት ሆኖ። ምስሉን ብቻ ቀይሪ፣ አለዚያ የቱ እንደሠራ አታውቂም፣ እናትሽንም አታሳምኛትም።

ሽሮሜዳ_ልጅ
ሁለት ሳምንት ጠፍቼ መጣሁ። የሆነውን ልንገራችሁ።

ጥቁር አረንጓዴ ጨርቅ ገዛሁ፣ በሩ ጋ ሰቀልኩት፣ የአክስቴን ልጅ አቆምኳት (ፈቃዷን በቴክስት ይዣለሁ ሃሃ)። ሙሉ ቀሚሱን አነሳሁ ግን በመጨረሻ የመረጥነው ከአንገት እስከ ወገብ ያለውን ነው፣ አንገቱ ላይ ያለው ጥልፍ ክሩ ራሱ ይቆጠራል። ከላይ "ለመልስሽ" ብቻ፣ ከታች "ከ9,000 ብር ጀምሮ"፣ የሱቁ ስም በትንሹ፣ አንድ ስልክ። የእማዬን ስልክ ነው ያስገባሁት፣ ለሰላም ስል።

እማዬ ስታየው "ምነው ሳይጨርሱት?" አለች። አሮጌውንና አዲሱን ለአምስት ቀን እኩል 1,500 አስደረግን። በአሮጌው ሦስት ሰው ጻፈ። በአዲሱ አስራ አንድ፣ አራቱ ሱቅ መጡ፣ ሁለቱ አዘዙ፣ አንዷ ከዱባይ ናት፣ ምስሉን እህቷ በኢሞ ልካላት ነው፣ ጋሽ ባነር ምስጋና ይድረስዎ። ሀብታም አልሆንም ግን ብሩ ተመልሷል። ያልጠበቅኩት፣ ሁሉም "ሙሉ ቀሚሱን አሳዪኝ፣ ከስር ጥበቡ እንዴት ነው" ነው የሚሉት፣ ስለዚህ ቀጣዩ በጎን የሚገላበጥ ይሆናል፣ መጀመሪያ አንገቱ ከዛ ሙሉው ከዛ የጥበቡ ቅርብ።

ጥቁር_ቡና
ስንት ነው ታዲያ

ሽሮሜዳ_ልጅ
ጥቁር ቡና እማዬ ትሙት ምስሉ ላይ አለ!!

ጋሽ_ባነር
እሰይ ልጄ። ለእንቁጣጣሹስ ምን አስበሻል? ቶሎ ካልጀመርሽ ሳምንቱን ሁሉም ገጽ ቢጫ ሆኖ ያንቺ ከማን እንደሚለይ አይታወቅም።

ሽሮሜዳ_ልጅ
እሱን አያንሱብኝ ጋሼ። እኔ ያው አረንጓዴው ጨርቅ ላይ እንቀጥል ብያለሁ፣ እማዬ አደይ አበባ ካልገባበት በዓል አይመስልም ብላለች። ድርድር ላይ ነን፣ ትናንት ማታ ከአራት ጥግ አበባ ወደ አንድ ጥግ ወርደናል።